የመመረቂያ ጽሑፍ ግብር ነው ወይስ ዕዳ?

ርእሰ አንቀጽ

የዘንድሮ ተመራቂ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በትምህርት ክፍል ቢለያዩም አንድ ነገር ያስተካክላቸዋል። ታሪክና ሥነ ጽሑፍ የሚያጠናውም፣ ሕግ የሚማረውም፣ በስፖርት ሳይንስ የሚሠለጥነውም እያንዳንዱ አንድ የምርምር ጽሑፍ አዘጋጅቶ፣ አስጠርዞ፣ ለአማካሪ መምህሩ ማስረከብ አለበት። ጽሑፉ ይቀርባል፤ ተማሪው በፈታኞች ፊት ቆሞ ጥቂት ጥያቄ ይመልሳል፤ ማርክ ይሰጠዋል፤ ጥራዙም በመደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ወዲያ ከተቀመጠበት የሚያነሣው ሰው እጅግ ጥቂት ነው፤ የሚያነሣው ቢገኝም ብዙውን ጊዜ ለሚቀጥለው ዓመት የሚሆን ምዕራፍ የሚፈልግ ተማሪ ነው።

ይህን ያዩ አንዳንድ ተማሪዎች፣ አንዳንድ መምህራንም ጭምር፣ «እንግዲያው ለምን አይቀርም?» ማለት ጀምረዋል። ምክንያታቸውም የሚናቅ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና ማለፍ ስላለበት፣ ጉልበቱን ለሁለት ከሚከፍል በፈተናው ላይ ቢያውለው ይሻላል ይላሉ። አንድ መምህር የብዙ ተማሪዎች አማካሪ እየሆነ ረቂቁን በቅጡ ሳያነብ ለመፈረም ይገደዳል ይላሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጽሑፍ እንደ ማናቸውም ሸቀጥ የሚሸጥና የሚገዛ ሆኗል ይላሉ። ይህን የመጨረሻውን ማንም ሊክደው አይችልም። በከተማችን በፎቶ ኮፒ ቤቶች በር ላይ «ጥናታዊ ጽሑፍ እናማክራለን» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ማየት ከለመድን ቆይተናል። ምክሩ ምን ማለት እንደ ሆነ ለለጠፈውም ለሚያነበውም የተሰወረ አይደለም።

የዚህ ጋዜጣ አዘጋጆች ግን ጽሑፉ ይቅር የሚለውን አሳብ አንቀበለውም፤ እንዳለ ይቀጥል የሚለውንም አንቀበለውም። እንደሚመስለን ሕመሙ የመጣው ከአንድ የተሳሳተ አመለካከት ነው። የመመረቂያ ጽሑፍን ካባ ለመደረብ የሚከፈል ግብር አድርገን ቈጥረነዋል፤ ግብርን ደግሞ ሰው ሁሉ በቻለው አቋራጭ ለማቃለል ይጥራል። እኛ የምርምር ጽሑፍ ዕዳ ነው እንላለን። አበዳሪውም ጊዜውን ሰጥቶ፣ በሩን ከፍቶ፣ የሚያውቀውን የነገረን ሰው ነው። ዕዳው የሚከፈለው ያገኘነውን ነገር ያ ሰው ሊያነበውና ሊያርመው በሚችለው ቋንቋ መልሰን ስንሰጠው ነው። ይህን አሳብ ከላይ በጠቀስናቸው በሦስቱ የትምህርት ዘርፎች እያየን እናስረዳለን።

በመጀመሪያ የታሪክንና የቋንቋን ጥናት እንመልከት። በአውሮጳ የኢትዮጵያ ጥናት አባት እየተባለ የሚጠራው ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ አገራችንን በዓይኑ አላያትም። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1649 ሮማ ላይ የመካነ ሥላሴ ሰው ከነበሩት ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኘ፤ በ1652 ደግሞ እኒህ ካህን ጎታ ወደምትባለው የጀርመን ከተማ ተጠርተው ሄዱ። ሁለቱ መጀመሪያ የተግባቡበት ቋንቋ ግዕዝ ነበር። ሉዶልፍ ስለ አገራችን ቋንቋና ታሪክ ከጻፈው ውስጥ ብዙው የተቀዳው ከእርሳቸው ነው። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 በመርከብ አደጋ ሞቱ፤ ታላቁ የታሪክ መጽሐፍ የታተመው ከዚያ በኋላ በ1681 ነው። ሉዶልፍ ባለውለታውን አልካደም፤ ስማቸውን እየጠራ ጻፈ፤ ሥዕላቸውንም አሳተመ። ይህ የዕዳው ግማሽ ነው። መጽሐፉ የተጻፈው በላቲን ስለ ነበረ ግን የመካነ ሥላሴ ካህናት አንብበው «ይህስ እንዲህ አይደለም» የሚሉበት መንገድ አልነበራቸውም። ይህ ደግሞ ሳይከፈል የቀረው ግማሽ ነው።

ይህ የሩቅ ዘመን ነገር ነው የሚል ካለ ወደ ራሳችን ዘመን እንቅረብ። በ1940ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የነበሩ ተማሪዎች የኢትኖሎጂ ማኅበር አቋቁመው ስለየአገራቸው ልማድ ያጠኑትን በማኅበሩ ቡለቲን ያሳትሙ ነበር። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ተመሠረተ፤ ሪቻርድ ፓንክረስት የመጀመሪያው ዲሬክተር ሆኑ፤ የተቋሙም መጽሔት መውጣት ጀመረ። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ የሚያደርገው ደንብ ሥራ ላይ ዋለ፤ አያሌ የከተማ ልጆችም የገበሬውን ኑሮ በዓይናቸው ያዩት በዚያ አጋጣሚ ነው። እነዚህ ሁሉ የሚያኮሩ ሥራዎች ናቸው። ሆኖም የማኅበሩ ቡለቲን ቋንቋ እንግሊዝኛ ነበር። ልጅ የአባቱን አገር ልማድ ጻፈ፤ አባት ግን የልጁን ጽሑፍ ማንበብ አልቻለም።

የተሻለ ምሳሌም አለን። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1973 የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ሲጀመር መጻሕፍቱ ከየገዳሙና ከየቤተ ክርስቲያኑ እየቀረቡ ተነሥተው ወደ ባለቤቶቻቸው ተመለሱ፤ የፊልሙም ቅጂ በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ እንዲቀመጥ ተደረገ። ሚኒሶታ የሄደውን ቅጂ ብዙ ዓመታት ተቀምጠው መርምረው በዝርዝር የመዘገቡት በ2013 ዓ.ም. ያረፉት ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ከብራናዎቹ አንዳንዱ ቢቃጠል ወይም ቢሰረቅ እንኳ ጽሑፉ አይጠፋም። የወሰዱትን መመለስ፣ ቅጂውንም ለባለቤቱ አገር መተው ይቻላል ማለት ነው።

ለእኛ ይህን ለመለማመድ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የምንኖርበትን የንፋስ ስልክ ላፍቶን ክፍለ ከተማ ስሞች ብቻ እንመልከት። ላፍቶ በኦሮምኛ የግራር ዓይነት ነው። መካኒሳ ብሳና ነው። ንፋስ ስልክ ያለ ሽቦ የሚሠራው ቴሌግራፍ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ሕዝቡ ያወጣለት ስም ነው። ጎፋ በደቡብ ኢትዮጵያ የሚኖር ሕዝብ መጠሪያ ነው። ቄራ የከተማው ከብት የሚታረድበት ስፍራ ነው። በአንድ ክፍለ ከተማ ስሞች ውስጥ የጥንቱ ዛፍ፣ አዲሱ መሣሪያ፣ ከሩቅ የመጣው ሰውና የከተማው ገበያ ተሰብስበው ይገኛሉ። ግራሩ የት ቆሞ እንደ ነበር የሚያስታውሱ አባቶችና እናቶች ግን በየዓመቱ ያልፋሉ። አንድ የታሪክ ተማሪ ስለ «አፍሪካ የከተማ ዕድገት» ሰባ ገጽ ከየመጽሐፉ ከሚለቅም፣ በላፍቶና በፉሪ አምስት አረጋውያንን በገዛ ቋንቋቸው ጠይቆ፣ የነገሩትን አመሳክሮ፣ ሃያ ገጽ ቢጽፍ ሌላ ሰው ዳግመኛ ሊያገኘው የማይችለውን ዕውቀት አዳነ ማለት ነው። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል እንደሚባለው፣ በደጃችን ያለውን አቃለን በመኖራችን ነው እንጂ ርእስ አጥተን አይደለም።

ወደ ሕግ እንሻገር። ከሥራ ላይ የዋሉት ዘመናዊ ሕጎቻችን ብዙዎቹ በውጭ አገር ሊቃውንት የተረቀቁ ነበሩ። በ1949 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የስዊሱ ዣን ግራቨን፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ አርቅቀዋል። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ በቁጥር 3347 ላይ፣ ሕጉ በሚመለከታቸው ጉዳዮች ቀድሞ ሲሠራበት የነበረውን የተጻፈና የልማድ ደንብ ሁሉ ሽሮታል። በአንድ አንቀጽ የተሻረው ልማድ ምን ያህል እንደ ነበረ መዝግቦ ለመጨረስ የአንድ ትውልድ ምርምር አይበቃም። ደግሞም በወረቀት የተሻረው ሁሉ ከመንደር አልተሻረም። ባልና ሚስት ሲጣሉ በብዙ ቤት ቀድሞ የሚጠራው ሽማግሌ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 34፣ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ ሊዳኝ እንደሚችል አውቆታል።

በሕግ ረገድ ምርምር ለወገን ምን እንደሚያደርግ ማየት የሚፈልግ ሰው የቤተሰብ ሕጋችንን ይመልከት። የ1952ቱ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመት አድርጎ ነበር፤ የፍቺንም ጉዳይ ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ጉባኤ ሰጥቶ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ዕድሜውን ለሁለቱም 18 ዓመት አደረገ፤ ፍቺን የመወሰኑንም ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሰጠ። ይህ ለውጥ በራሱ አልመጣም። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን የመሳሰሉ ወገኖች ለተበደሉ ሴቶች ነፃ የሕግ ምክር እየሰጡ ያዩትን ችግር ይዘው ሕጉ እንዲሻሻል ስለ ተከራከሩ ጭምር ነው። ጥያቄው የመጣው ከባለጉዳይዋ ነው፤ መልሱም ወደ እርሷ ተመለሰ። የሕግ ተማሪ ከዚህ የበለጠ የምርምር ምሳሌ አያስፈልገውም።

አማርኛ ለምርምር አይበቃም የሚል ሰው ሲገጥመንም የምናሳየው የሕጉን ቤት ነው። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ 3,367 ቁጥሮች አሉት፤ ሁሉም በአማርኛ ወጥተዋል። በ1956 ዓ.ም. በሕግ ፋኩልቲ መታተም የጀመረው የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔት የፍርድ ቤት ውሳኔዎችን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ያወጣ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 454/1997 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን የሚያስገድድ ከሆነ ወዲህ፣ ውሳኔዎቹ በአማርኛ በቅጽ በቅጽ እየተጠረዙ ወጥተዋል። ዳኛው በአማርኛ ያስባል፤ ጠበቃው በአማርኛ ይከራከራል፤ ባለጉዳዩ በአማርኛ ይፈረድለታል ወይም ይፈረድበታል። ስለዚሁ ፍርድ የሚጻፈው የተማሪ ጥናት ብቻ ባለጉዳዩ በማያውቀው ቋንቋ ተጽፎ ይቀራል።

እዚህም ጥያቄው ከደጃችን ነው። በጀሞ የጋራ መኖሪያ ቤቶች እልፍ አእላፍ ቤተሰብ በአንድ ደረጃ ይወጣል፣ በአንድ ግቢ ይገባል። የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ በ1995 ዓ.ም. በቁጥር 370 ሲወጣ ነዋሪዎች ማኅበር አቋቁመው የጋራ ንብረታቸውን እንዲያስተዳድሩ ደንግጓል። የውሃ ማጠራቀሚያው ቢያፈስ ማን ያዋጣል? ለበዓል በግ የሚታረደው የት ነው? የጋራ መገልገያው ቤት ለኪራይ ሲሰጥ ገንዘቡ የማን ነው? በሳሪስ የነበረ ዕድርተኛ ወደ ጀሞ ሲዛወር ቀብሩን የሚወጣለት የትኛው ዕድር ነው? ጎረቤቶች እነዚህን ነገሮች ሲጨርሱ ምን ያህሉን በአዋጁ፣ ምን ያህሉን በሽምግልና እንደሚጨርሱ ሦስት ሕንፃ መርጦ የሚያጠና ተማሪ ለነዋሪዎቹም፣ ለዳኛውም፣ ለሕግ አውጪውም የሚጠቅም ነገር ይጽፋል። ችሎትም ለሕዝብ ክፍት ስለ ሆነ ገብቶ መቀመጥና ማዳመጥ ይቻላል።

ሦስተኛው የስፖርት ሳይንስ ነው። በዚህ ዘርፍ ዓለም እኛን መጠየቅ ከጀመረ ስድሳ ዓመት አልፎታል። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜን 5 ቀን ሮማ ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ። በ1957 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ ቶክዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ደገመው፤ ትርፍ አንጀቱ ተቀዶ ከወጣለት ገና ጥቂት ሳምንት ነበር። በ1961 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ ማሞ ወልዴ ከባሕር ወለል 2,240 ሜትር ከፍ ብላ በምትገኘው በሜክሲኮ ከተማ ሦስተኛውን ወርቅ አመጣ። ከዚያ ወዲህ የፈረንጅ ሊቃውንት ስለ ከፍተኛ ቦታ አየር፣ ስለ ደም፣ ስለ እግር አጥንት ብዙ ጽፈዋል። ነገር ግን ከፍታ ብቻውን ቢበቃ ኖሮ ከሳሪስ አቦ እስከ ጀሞ የሚኖረው ሰው ሁሉ ሜዳልያ ባንጠለጠለ ነበር።

ከእነዚህ ጥናቶች አንዱን ለምሳሌ እናንሣ። የስኮትላንድ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦች ጋር ሆነው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2003 ባወጡት ጽሑፍ 114 የኢትዮጵያ አትሌቶችን ጠየቁ፤ የት ተወለድክ፣ ወደ ተማሪ ቤት በምን ትሄድ ነበር፣ ምን ያህል መንገድ ነበር እያሉ ነው። የጥናቱ ብልኃት ግን ሯጭ ያልሆኑ 111 ሰዎችንም መጠየቃቸው ላይ ነው። ሯጮቹን ብቻ ጠይቀው ቢሆን «ሁሉም በእግሩ ይሄድ ነበር» የሚል መልስ አግኝተው ምክንያቱን አወቅን ባሉ ነበር፤ የገጠር ልጅ ሁሉ ግን በእግሩ ነው የሚሄደው። ሁለቱን ወገን ሲያስተያዩ፣ ከማራቶን ሯጮቹ ብዙዎቹ የአርሲና የሸዋ ልጆች ሆነው ተገኙ፤ ወደ ተማሪ ቤትም እየሮጡ የሚሄዱት ከሌሎቹ ይልቅ በርክተው ታዩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ከእናት የሚወረሰውን የዘር ምልክት መርምረው ሯጮቹን ከቀረው ሕዝብ የሚለይ ነገር አላገኙም። እየሮጠ ተማሪ ቤት የሄደ ሁሉ ሯጭ ይሆናል ማለት ግን አይደለም፤ ጥናቱም እንዲህ አላለም። ያሳየው ነገር አንድ አቅጣጫ ነው።

ይህ ዕውቀት የተገኘው ከእኛ ሰዎች ነው፤ የታተመው ግን በእንግሊዝኛ በውጭ አገር መጽሔት ነው። ተመራማሪዎቹን አንወቅስም፤ የአገራቸውና የሙያቸው ደንብ ነው። ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ባፈራው በበቆጂ አካባቢ ላሉ የስፖርት አስተማሪዎች በአማርኛና በኦሮምኛ ተርጉሞ የማድረሱ ሥራ የእኛ ድርሻ ነው። ከዚያም አልፎ ጥያቄውን ማስቀጠል የእኛ ነው። የአርሲ ልጅ እየሮጠ ይሄድ ከነበረ፣ የጀሞና የለቡ ልጅ ዛሬ በሰርቪስና በታክሲ ይመላለሳል። በእግራቸው የሚመጡ ተማሪዎችና በመኪና የሚመጡ ተማሪዎች አንድ ሺህ ሜትር በስንት ደቂቃ ይሮጣሉ? በየትምህርት ቤቱ የመሮጫ ሜዳ አለ ወይስ በኮንክሪት ላይ ነው የሚሮጠው? ለዚህ ጥናት የሚያስፈልገው የእጅ ሰዓት፣ ሜትር፣ የትምህርት ቤቱና የወላጆች ፈቃድ፣ ትዕግሥትም ነው። ውጤቱ ለወላጆች ስብሰባ ቢነበብ የዚያኑ ዕለት ክርክር ያስነሣል።

እንግዲህ ከሦስቱም ዘርፎች የምናገኘው ትምህርት አንድ ነው። ጥያቄው ከአንድ ቦታና ከታወቁ ሰዎች ጋር የተያያዘ ሲሆን ምርምሩ ሕይወት ያገኛል፤ መልሱም ወደነዚያ ሰዎች ሲመለስ እውነቱ ይፈተናል። ለመሸጥና ለመግዛት የሚመቸው ቦታ የሌለው ጽሑፍ ነው። ሁላችንም መልኩን እናውቀዋለን። በዓለም ሁኔታ ይጀምራል፤ ወደ አፍሪካ ይወርዳል፤ ወደ ኢትዮጵያ ይደርሳል፤ እዚያ ላይ «መቶ መጠይቅ ተበትኖ ዘጠና አምስቱ ተመለሰ» ይላል። የተበተነው የት እንደ ሆነ የሚጠይቅ የለም፤ አንዳንዴ የተበተነው በመኝታ ክፍል ውስጥ በአራት አልጋ መካከል ነው። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ሻጩ ስሙንና ከተማውን ብቻ እየለወጠ ለአሥር ሰው ሊሸጠው ይችላል። በጀሞ የሦስት ሕንፃ ነዋሪዎችን የውሃ ክርክር የሚናገረውን ጽሑፍ ግን ከመደርደሪያው አውርዶ ሊሸጠው አይችልም። ነዋሪዎቹም መጥተው ሊያዳምጡት ከሆነ ፈጽሞ አይሞክረውም።

ለሚገዛው ወንድማችንም አንድ ነገር እንበለው። ገንዘብህን አውጥተህ የገዛኸው ጥራዝ ማርክ ያሰጥህ ይሆናል። ነገር ግን በአራት ዓመት ትምህርትህ ውስጥ ማንም መልሱን አስቀድሞ ሳያውቀው አንተ እንድትጠይቅ የተፈቀደልህ ጊዜ ያ ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ መምህሩ የሚያውቀውን መመለስ ነበር። የመውጫ ፈተናም ቢሆን መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ጥያቄ ነው። ነገ ዳኛ፣ አስተማሪ ወይም አሠልጣኝ ስትሆን ግን መልሱ ያልታወቀ ነገር ይዞ የሚመጣብህ ብዙ ነው። ስለዚህ ፈተናው ጽሑፉን ይተካዋል የሚሉት ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እያደባለቁ ነው።

የመምህራኖቻችንን ሸክም አንዘነጋም። የምንለምነው ሥራ እንዲጨመርባቸው ሳይሆን ገጹ እንዲቀነስ ነው። ከአንድ ክምር ሰባ ገጽ፣ ሃያ የተሠራበት ገጽ ማንበብ ይቀላል፤ የተኮረጀውም ወዲያው ይታወቃል። በአደባባይ መነበቡ የሚያስፈራቸውም ይኖራሉ፤ የተጠየቀው ሰው «እኔ እንዲህ አላልኩም» ብሎ ቢነሣስ ይላሉ። ይህ ሊያስደስተን ይገባል። ከትምህርት ክፍሉ ፈታኞች ይልቅ ነገሩን የሚያውቀው ሁለተኛው ፈታኝ እርሱ ነውና። ይልቁንም መጠንቀቅ የሚያሻው በሌላ በኩል ነው፤ የሰዎችን ስምና የቤት ምስጢር ያለ ፈቃዳቸው ማውጣት አይገባም። ባልና ሚስት ለሽማግሌ የነገሩትን በአዳራሽ ማንበብ ምርምር ሳይሆን ነውር ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ፣ ስም መለወጥ፣ አትጻፍ የተባለውን አለመጻፍ የሥራው ክፍል መሆን አለበት።

በዚህ መሠረት የተማሪዎች ማኅበሩ ለትምህርት ክፍሎች የሚከተሉትን አምስት ነጥቦች ያቀርባል።

አንደኛ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ሲጸድቅ ተማሪው የት ቦታ፣ እነማንን እንደሚጠይቅና ለምን እነርሱን እንደ መረጠ በአንድ ገጽ እንዲያስረዳ ይደረግ።

ሁለተኛ፣ የገጹ ብዛት ይቀነስ። ስለ ዓለም ሁኔታ የሚተርከው መቅድም ከሁለት ገጽ አይበልጥ።

ሦስተኛ፣ ማንኛውም ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ቢጻፍም እንኳ ሁለት ገጽ ማጠቃለያ በአማርኛ፣ ወይም ተጠያቂዎቹ በሚናገሩት በሌላ ያገራችን ቋንቋ ይኑረው። ይህ ማጠቃለያ ለተጠያቂዎቹ በእጃቸው መሰጠቱ ሳይረጋገጥ ማርክ አይሰጥ።

አራተኛ፣ በየመንፈቀ ዓመቱ አንድ ከሰዓት በኋላ ከሦስቱም ዘርፎች የተመረጡ ጽሑፎች በአዳራሽ ይነበቡ። የዕድር ሰብሳቢው፣ አስተማሪዋ፣ አሠልጣኙ፣ የሠፈሩም ሽማግሌዎች ይጠሩ፤ ለእነርሱም የመናገር ተራ ይሰጥ። የሕግ ተማሪ የስፖርቱን፣ የስፖርት ተማሪም የታሪኩን ሰምቶ ይጠይቅ። ሯጭ ያልሆነውንም መጠየቅ እንደሚያስፈልግ የታሪክ ተማሪ ከስፖርቱ ይማራል፤ ምስክር እንዴት እንደሚመዘን የስፖርት ተማሪ ከሕጉ ይማራል፤ የሕግ ተማሪም የሽማግሌን ቃል እንዴት እንደሚያዳምጥ ከታሪኩ ይማራል።

አምስተኛ፣ የተገዛ ጽሑፍ ይዞ የቀረበ ተማሪ ከመባረሩ በፊት አንድ ዕድል ይሰጠው፤ ይኸውም አምስት ሰዎችን በእግሩ ሄዶ ጠይቆ እንደ ገና እንዲጽፍ ነው። ለሁለተኛ ጊዜ ቢያጠፋ ግን ማኅበሩ አማላጅ ሆኖ አይቆምለትም።

ከእነዚህ ነጥቦች አንዱም አዲስ ሕንፃ ወይም የውጭ ዕርዳታ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው የትምህርት ክፍሎች ስምምነትና የእኛ ፈቃደኝነት ነው። የትምህርት ክፍሎች እስኪወስኑ ድረስም ማኅበሩ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ከሚቀጥለው ቍጥር ጀምሮ በዚህ ጋዜጣ ሁለት ገጽ ለተማሪዎች የምርምር ማጠቃለያ ተለይቷል። ማጠቃለያውን ጽፎ ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ለሚያመጣ ተማሪ ለተጠያቂዎቹ የሚበቃ ቅጂ በማባዣችን ያለ ክፍያ እናባዛለታለን፤ የወረቀቱን ወጪ ማኅበሩ ይችላል።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይሉ ነበር አባቶቻችን። እኛም ለዘንድሮ ተመራቂዎች፣ ካባ ከመደረብ መጠየቅ ይቅደም፤ ከጠየቁም በኋላ ለተጠየቀው መመለስ አይዘንጋ እንላለን። ጽሑፋቸውን ገና ያልጀመሩ ተማሪዎች ከዛሬ ጀምሮ ርእሳቸውን ወደ ሠፈራቸው ያውርዱት፤ ጨርሰው ያስረከቡትም ጥራዙን ከመደርደሪያ ላይ አውርደው ሁለት ገጽ ያውጡለት። መምህራኖቻችን ደግሞ በእነዚህ አምስት ነጥቦች ላይ የሚስማሙበትንም የሚቃወሙበትንም ጽፈው እንዲልኩልን በአክብሮት እንጠይቃለን። የላኩትን ሳንቀንስ እናትመዋለን።